አፓቺ፣ ኤንጂንኤክስ ወይስ ካዲ? ከመሐል ሜዳ በደካማ ኔትወርክ ለሚገባ ተማሪ የቱ ይሻላል

አፓቺ፣ ኤንጂንኤክስ እና ካዲ ዌብ ሰርቨር ናቸው፤ ድረ ገጽ ለጠየቀ ሰው ገጹን የሚልኩ ፕሮግራሞች። ኢንተርኔት ላይ የእነዚህ ንጽጽር ሞልቷል። አብዛኛው ግን ለእኛ ሰው አይሆንም። ሞካሪው ሁለት ምርጥ ማሽኖችን በፈጣን ኬብል ያገናኛል፣ «በሰከንድ ይህን ያህል ሺህ ጥያቄ አስተናገደ» ይላል፣ አለቀ። የእኔ ተጠቃሚ እንደዚያ አይደለም። የእኔ ተጠቃሚ መሐል ሜዳ፣ ሞላሌ ወይም ዓለም ከተማ ያለ ተማሪ ነው። የያዘው ስልክ ያረጀ ነው። ኔትወርክ ፍለጋ ከቤት ወጥቶ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይቆማል። የሚልከው ጥያቄ ሰርቨሩ ዘንድ የሚደርሰው ተንጠባጥቦ ነው፤ መልሱም የሚመለሰው እንደዚያው።

ስለዚህ እኔ ሰርቨሮቹን የለካሁበት ጥያቄ ሌላ ነው። ብዙ ቀርፋፋ ሰው በአንድ ጊዜ ሲመጣ ማን ይቆማል? ማንስ ይወድቃል?

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ ትንሽ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ አለችኝ። ከጥገናው ጎን ለጎን የአንዳንድ መሥሪያ ቤቶችን ሰርቨር እከታተላለሁ። ከእነዚህ አንዱ፣ ስሙ ይቅርና፣ የትምህርት ተቋም ነው። ውጤት በተለቀቀ ቁጥር ድረ ገጹ ቀጥ ይላል። የሬጅስትራሩ ኃላፊ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ኧረ እባክሽ አንድ ነገር አድርጊልን። የመንዝ ልጆች ከሌሊት ጀምሮ ነው የሚደውሉት። ሲስተም የለም ማለት እኛንም ሰለቸን።»

«እሺ ጋሼ፣ ማሽኑን መጀመሪያ ልየው» አልኳቸው።

ጉዳዩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ገጹ አልከፍት ሲለው ከዓለም ከተማ ተሳፍሮ የሚመጣ ልጅ አለ። ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ለማየት የመኪና ይከፍላል፣ የአልጋ ይከፍላል፣ ምግብም አለ። ያ ሁሉ ወጪ ሰርቨሩ ላይ ባሉ ሁለት ሦስት የኮንፊግ (የማስተካከያ) መስመሮች ሊቀር የሚችል ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ማሽኑ ተራ ዴስክቶፕ ነው። ፕሮሰሰሩ ባለ 4 ኮር፣ ራሙ 4 ጊጋባይት። ላዩ ላይ ኡቡንቱ የሚባለው ሊነክስ፣ አፓቺ፣ ገጹን የሚያዘጋጀው ፒኤችፒ እና ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል ተጭኗል። ብዙ ቦታ የምታገኙት ይህንኑ ነው። (የማሽኑ ክፍል ማቀዝቀዣ የለውም፤ አያስፈልገውምም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። ብርዱ ለሰው ይከብዳል እንጂ ለማሽን ይመቻል።) እኔም ሱቄ ውስጥ አቅሙ ተመሳሳይ የሆነ ማሽን አዘጋጅቼ ሁሉንም በየተራ እዚያ ላይ ሞከርኩ። የሚሠራ ሰርቨር ላይ፣ በተለይ የሰው ሰርቨር ላይ፣ የጫና ሙከራ አይደረግም።

አሞካከሬ ሁለት ዓይነት ነው። መጀመሪያ ከላፕቶፕ በኬብል ደብሊውአርኬ በሚባለው መሣሪያ ሁሉም የሚለካውን ለካሁ። ቀጥሎ ከርል የሚባለውን ገጽ የሚያወርድ ትዕዛዝ የማውረጃ ፍጥነቱን ገድቤ፣ ብዙውን በአንድ ጊዜ ለቀቅኩት። ቲሲ በሚባለው የሊነክስ ትዕዛዝ ደግሞ ኬብሉ ላይ መዘግየት ጨመርኩበት፤ ከሚላከው መረጃ ጥቂቱ በመንገድ እንዲጠፋም አደረግኩ። ሞላሌን ሱቄ ድረስ አመጣኋት ማለት ነው። ትዕዛዞቹ ነጻ ናቸው፤ ማንም ሊሞክራቸው ይችላል።

በመጀመሪያው ዓይነት ልኬት ትንንሽ ቋሚ ፋይል (ያለ ፒኤችፒ እንዳለ የሚላክ) ሲሰጡ ኤንጂንኤክስ ይመራል፤ ሌሎቹም ቢሆኑ የሚያሳፍር ውጤት አላመጡም። ነገሩ የተለየው በሁለተኛው ነው።

አፓቺን ልጀምር። አንጋፋ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ አለ። የሠራነውም የተማርነውም በእሱ ነው። ግን አፓቺ አንድ አይደለም። ሥራውን በምን መልኩ እንደሚያከፋፍል የሚወስን ሞጁል አለው፤ ከእነዚህ ውስጥ ፕሪፎርክ እና ኢቨንት የሚባሉትን ማወቅ ግድ ነው። ኡቡንቱ ላይ ፒኤችፒን በተለመደው መንገድ አፓቺ ውስጥ ከጫናችሁ የምታገኙት ፕሪፎርክን ነው። ፕሪፎርክ ለእያንዳንዱ ግንኙነት አንድ ሙሉ ፕሮሰስ፣ ማለትም ራሱን የቻለ የፕሮግራም ቅጂ፣ ይመድባል። መንዝ ውስጥ ለእያንዳንዱ በግ አንድ እረኛ ቢቀጠር እንደማለት ነው። በጉ ቢግጥም ቢተኛም እረኛው ከአጠገቡ አይንቀሳቀስም።

አሁን ሒሳቡን ተመልከቱ። ኡቡንቱ ላይ የፕሪፎርክ ጣሪያ ሲጫን 150 ፕሮሰስ ነው። ብሮውዘር ከሰርቨር ጋር በሚነጋገርበት ሕግ፣ በድሮው ኤችቲቲፒ 1.1፣ ለአንድ ድረ ገጽ እስከ 6 ግንኙነት በአንድ ጊዜ ይከፍታል። ፕሪፎርክ ደግሞ አዲሱን ኤችቲቲፒ 2 አይደግፍም። 150ን ለ6 ስታካፍሉት 25 ነው። 25 ተማሪ! አንድ ክፍል እንኳ አይሞላም። በዚያ ላይ ኪፕ አላይቭ አለ፤ ገጹ ተልኮ ካለቀ በኋላ ፕሮሰሱ «ሌላ የሚጠይቀኝ ይኖር ይሆን» ብሎ 5 ሰከንድ ይጠብቃል።

«ታዲያ 150ውን ከፍ ማድረግ ነዋ!» የሚል አይጠፋም። ተቋሙ ውስጥም አንድ ሰው ከፍ አድርጎት ነበር። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ያ ነው። ፕሪፎርክ ፒኤችፒን በሆዱ ተሸክሞ ስለሚሄድ እዚያ ማሽን ላይ አንዱ ፕሮሰስ ወደ 40 ሜጋባይት ይወስድ ነበር። 150 ሲባዛ በ40 ወደ 6 ጊጋባይት ነው። ራሙ 4 ነው። ጣሪያውን ሳይነኩት እንኳ ከአቅም በላይ ነው።

ሱቄ ውስጥ ይህንን በዓይኔ አየሁት። የማሽኑን ራምና ፕሮሰስ የሚያሳየውን ኤችቶፕ ከፍቼ ተቀመጥኩ። የአፓቺ መስመሮች አንዱ ባንዱ ላይ እየተደረቡ ስክሪኑን ሞሉት። የራሙ መስመር እስከ ጫፍ ደረሰ። ከዚያ ስዋፕ የሚለው መሙላት ጀመረ፤ ማሽኑ ራም ሲያጥረው ሃርድ ዲስኩን እንደ ራም መጠቀም ያዘ ማለት ነው። ዲስኩ መንኳኳቱ እስከ በሩ ድረስ ይሰማል። የሚገርመው ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈት ነው። አራቱም ኮሮች እጃቸውን አጣጥፈው ዲስኩን ይጠብቃሉ። ኪቦርዱ ላይ አንድ ፊደል ብጫን እስኪታይ ድረስ ይቆያል። በመጨረሻ ሊነክስ ራሱ ማሽኑን ለማዳን ብሎ ትልቁን ፕሮሰስ ገደለ። የተገደለው ደግሞ ማይኤስኪውኤል ነው። ከዚያ በኋላ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ገጽ ይወጣል፤ ዳታቤዙ አልተገኘም። ጋሼ «ሲስተም የለም» የሚሉት ይህንን ነው።

ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ የሆነው ሰዉ ብዙ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ሰዉ ቀርፋፋ ስለሆነ ነው። የድረ ገጹ መግቢያ ላይ የተቋሙ ሕንፃ ፎቶ አለ፤ ከ2 ሜጋባይት ይበልጣል። ያንን ፎቶ በደካማ ኔትወርክ እስኪጨርስ ድረስ አንድ ተማሪ አንድ ሙሉ ፕሮሰስ፣ ከነፒኤችፒው፣ ይዞ ይቆያል። ፎቶ ለመላክ ፒኤችፒ ምን ይሠራል? ምንም።

አፓቺን ግን በዚህ ብቻ መኮነን ፍርደ ገምድልነት ነው። ኢቨንት የሚባለው ሞጁል እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው 2.4 ጀምሮ ለሥራ ብቁ ተብሎ ቀርቧል። ዝም ብለው የተቀመጡ ግንኙነቶችን ለአንድ ጠባቂ አስረክቦ ሠራተኞቹን ነጻ ያወጣል። ፒኤችፒውን ከአፓቺ ሆድ አውጥቼ፣ ፒኤችፒ-ኤፍፒኤም በሚባለው ለብቻው እንዲሠራ አድርጌ፣ አፓቺን ወደ ኢቨንት ቀየርኩት። ያው ማሽን፣ ያው ጫና። ስዋፑ ንክች አላለም። ኤችቲአክሰስ የሚባሉት፣ በየፎልደሩ የሚቀመጡ የአፓቺ ሕግ ፋይሎቻቸው ብዙ ስለሆኑ አፓቺን መልቀቅ የማይችሉ ሰዎች አሉ። ለእነሱ ምክሬ ይሄ ነው፤ ሰርቨር ሳትቀይሩ ብቻ በዚህ ብዙ ትተነፍሳላችሁ። ኤችቲአክሰስ የማያስፈልጋችሁ ከሆነ ግን አጥፉት። አፓቺ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ፎልደር በፎልደር እየወረደ ያንን ፋይል ይፈልጋል፤ ዲስኩ ቀርፋፋ ከሆነ ደግሞ ይታወቃል።

ወደ ኤንጂንኤክስ ልለፍ። ሩሲያዊው ኢጎር ሲሶየቭ እ.ኤ.አ. በ2004 ለሕዝብ ያወጣው ነው። በዚያን ጊዜ የባለሙያው ሁሉ ራስ ምታት በአንድ ማሽን 10 ሺህ ግንኙነት እንዴት ይያዛል የሚለው ነበር፤ ኤንጂንኤክስ የተሠራው ለዚያ ነው። በአንድ ኮር አንድ እረኛ ይበቃዋል። እረኛው መንጋውን ሁሉ ያያል፤ የጮኸው በግ ጋ ብቻ ይሄዳል። የትኛው በግ እንደጮኸ የሚነግረው ሊነክስ ውስጥ ያለው ኢፖል ነው። ሥራ ፈተው የተቀመጡ 10 ሺህ ግንኙነቶች ወደ 2.5 ሜጋባይት ራም ብቻ እንደሚወስዱ ሠሪዎቹ ራሳቸው ጽፈዋል። ከላይ የአንዱን አፓቺ ፕሮሰስ 40 ሜጋባይት አስታውሱና አወዳድሩት።

ያንኑ የከርል መንጋ ለቀቅኩበት። ኤችቶፕን ከፍቼ ጠበቅኩ። ምንም። ራሙ ባለበት ቆመ፤ ኤንጂንኤክስ ፈታ ብሎ ይሠራል። ቀርፋፎቹ ፎቷቸውን በዝግታ እያወረዱ በመሐል እኔ ከሌላ ስልክ ስገባ ገጹ ወዲያው ተከፈተልኝ። በፕሪፎርክ ጊዜ ይህ የማይታሰብ ነበር። ቀርፋፋው ፈጣኑን አይዘጋበትም። ለእኔ የዚህ ሁሉ ንጽጽር እምብርቱ እዚህ ጋ ነው። የመሐል ሜዳው ልጅ ሰዓት ቢፈጅበትም፣ ሸዋ ሮቢት ያለችውን ልጅ አያስጠብቃትም።

ሌላም ያደነቅኩት ነገር አለ። ኤንጂንኤክስ ከፒኤችፒ መልሱን ቶሎ ይቀበልና እሱ ዘንድ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ለተማሪው በራሱ ፍጥነት ያንጠባጥብለታል። ፒኤችፒ ወዲያው ወደ ሌላው ተማሪ ይዞራል። ይህ ባፈሪንግ የሚባለው ሲጫን ጀምሮ ክፍት ነው። አንዳንድ የኢንተርኔት ምክር አጥፉት ይላል። ደካማ ኔትወርክ ላይ ላለ ሰው የሚሠራ ሰው እንዳይሰማቸው።

እንከን የለውም ወይ? አለው። ኡቡንቱ ላይ ሲጫን ለአንድ ወርከር (ለአንድ እረኛ) የተፈቀደው ግንኙነት 768 ነው። ውጤት በሚለቀቅበት ቀን ይህ ያልቃል፤ ሎጉ (የሥራ መዝገቡ) ላይም 768 አልበቃም ብሎ በግልጽ ይጽፈዋል። ከኋላው ሌላ ሰርቨር ካለ ደግሞ አንድ ተማሪ ሁለት ግንኙነት ይይዛል፤ አንዱ ወደ ተማሪው፣ አንዱ ወደ ኋላ። ከፍ አድርጉት፤ ከእሱ ጋርም ፕሮሰሱ ሊከፍት የሚችለውን የፋይል ብዛት ከፍ አድርጉ። ኤችቲአክሰስንም ጨርሶ አያነብም። ዎርድፕሬስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ላይ የኖረ ሰው ሕጎቹን እንደገና መጻፍ አለበት። መጀመሪያ ላይ ያስለፋል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ግን ከዚያ በኋላ ነው። አፓቺን ትቶ ኤንጂንኤክስ ይጭናል፣ ውጤት ይለቀቃል፣ ገጹ ላይ 502 ወይም 504 የሚል የስሕተት ቁጥር ይወጣል። «ኤንጂንኤክስም አይረባም» ይላል። ኤንጂንኤክስ ምን አደረገ? የፒኤችፒ-ኤፍፒኤም ጣሪያ ኡቡንቱ ላይ ሲጫን 5 ነው። አምስት ሠራተኛ! በሩ ሰፍቶ ውስጥ አምስት ሰው ብቻ ካለ ወረፋው ውስጥ ይሆናል። 504 ማለት ብዙውን ጊዜ ኤንጂንኤክስ 60 ሰከንድ ጠብቆ ፒኤችፒ አልመለሰለትም ማለት ነው። 502 ደግሞ ወይ ፒኤችፒው ወድቋል፣ ወይ ወረፋው ራሱ ሞልቷል። የኤፍፒኤምን ሎግ ክፈቱ፤ ጣሪያው ላይ ደርሻለሁ፣ ከፍ አድርጉልኝ ብሎ ጽፏል። ከፍ ስታደርጉ ግን በራም አካፍሉ። ለማይኤስኪውኤልና ለሲስተሙ ከተቀነሰ በኋላ 1.5 ጊጋባይት ቢቀር፣ አንዱ 40 ሜጋባይት ከወሰደ፣ ወደ 37 ነው። እኔ 30 ላይ አቆምኩት።

ዳታቤዙም የራሱ ጉድ ነበረው። የመታወቂያ ቁጥሩ ዓምድ ላይ ኢንዴክስ (መፈለጊያ ማውጫ) አልነበረም። አንድ ተማሪ በጠየቀ ቁጥር ማይኤስኪውኤል ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች ያነባል። አንድ መስመር ትዕዛዝ ነው የሚፈታው። የትኛውም ዌብ ሰርቨር ይህንን ሊሸፍን አይችልም።

ካዲን ወድጄዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ፣ ጎ (Go) በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ነው። ኮንፊጉ ሁለት ሦስት መስመር ነው። ግንኙነቱን የሚያመሰጥረውን የኤችቲቲፒኤስ ሰርተፊኬት ራሱ ያመጣል፣ ራሱ ያድሳል። በየመሥሪያ ቤቱ ሰርተፊኬቱ ጊዜው አልፎ «ይህ ገጽ አደገኛ ነው» የሚል ቀይ ማስጠንቀቂያ የሚታይበት ድረ ገጽ ስንት ነው? ካዲ ይህንን ችግር ያስረሳችኋል። ኤችቲቲፒ 3ም እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሲጫን ክፍት ነው። ኤችቲቲፒ 3 በመንገድ የጠፋ አንድ ቁራጭ ሌላውን ሁሉ እንዳያስቆም ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ለሚቆራረጥ የስልክ ኔትወርክ ይጠቅማል። ቲሲን ከፍቼ መረጃ እንዲጠፋ ሳደርግ ልዩነቱ ታየኝ። በቀርፋፎቹ ሙከራም አልወደቀም። ራም ግን ከኤንጂንኤክስ በላይ ይወስዳል፤ ጫናው ሲከብድ ይጨምራል። 4 ጊጋባይት ላይ ሁሉም ነገር አብሮ ለሚኖርበት ማሽን ትንሽ ያሳስባል። ለአነስተኛ ድርጅት፣ የሚከታተለው ባለሙያ ለሌለው፣ ዓይኔን ሳላሽ ካዲን እጭናለሁ።

ሌላውን ዌብ ሰርቨር፣ ኦፕን ላይትስፒድንም አየሁት። እንደ ኤንጂንኤክስ መንጋውን በአንድ እረኛ የሚይዝ ነው፤ ከፒኤችፒ ጋር ያለው ግንኙነትም ፈጣን ነው። ለዎርድፕሬስ የሚሰጠው የካሽ (የተዘጋጀ ገጽ ማስቀመጫ) ፕለጊን እጅግ ጥሩ ነው። የኤችቲአክሰስን የአድራሻ ሕጎች ያነባል፤ ሲቀየሩ ግን እንደገና መነሣት ይፈልጋል። የሚከፈልበት ትልቁ ወንድሙ የበለጠ ያደርጋል ይባላል። እኛ ጋ ግን በየወሩ በዶላር መክፈል ራሱ አንድ ሥራ ነው፤ ስለዚህ አልገባሁበትም።

ለተቋሙ የመረጥኩት ኤንጂንኤክስን ነው። ከፊት ኤንጂንኤክስ፣ ከኋላ ፒኤችፒ-ኤፍፒኤም። የሕንፃውን ፎቶ ወደ 100 ኪሎባይት አወረድኩት፤ ስልክ ላይ ልዩነቱን የሚያይ የለም። ከሁሉ የበለጠ የጠቀመው ግን ለጋሼ ያቀረብኩላቸው ሌላ ሐሳብ ነው።

«ጋሼ፣ ውጤቱ አንዴ ከተለቀቀ በኋላ ይቀየራል?»

«አቤቱታ ያለው ካልሆነ ማን ይነካዋል!»

የማይቀየር ነገር ለምን በየደቂቃው ከዳታቤዝ ይጠየቃል? ውጤት ከመለቀቁ በፊት በነበረው ሌሊት ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ትንሽ ቋሚ ፋይል የሚጽፍ ስክሪፕት ሠራሁ። የፋይሉ ስም ከመታወቂያ ቁጥሩና ለተማሪው ብቻ ከተሰጠው የሚስጥር ቁጥር ተደባልቆ የሚወጣ ረጅም ኮድ ነው፤ አንዱ የሌላውን በግምት እንዳይከፍት። ተማሪው ሁለቱን ቁጥሮች ሲያስገባ ኮዱን የሚያወጣው ስልኩ ራሱ ነው። ፒኤችፒም ማይኤስኪውኤልም በዚያ ቀን አይነኩም። አቤቱታ ቀርቦ ውጤት ከተስተካከለ የዚያ ተማሪ ፋይል ብቻ እንደገና ይጻፋል። አንዱ ፋይል ጥቂት ኪሎባይት ነው፤ ኤንጂንኤክስ ለዚህ ነው የተፈጠረው።

ውጤት በተለቀቀ ዕለት ጠዋት ሬጅስትራር ቢሮ ሄጄ ሎጉን ከፍቼ ተቀመጥኩ። መስመሮቹ ለዓይን እስኪያስቸግሩ ይወርዳሉ። ራሙ ባለበት ነው። ስልኩ ሲጠራ ጋሼ አነሡት፤ ከሞላሌ የሚደውል ልጅ ነበር፤ የሚስጥር ቁጥሩ ጠፍቶበት ነው። ፈልገው ነገሩት፣ ዘጉ። ከዚያ ዞር ብለው «ልጄ፣ የምዝገባውስ ገጽ?» አሉኝ። እሱ በየደቂቃው የሚቀየር ነገር ስለሆነ በፋይል አይሆንም። እዚያ ላይ ወረፋው ፒኤችፒና ዳታቤዙ ጋ ነው የሚሆነው። አሁን ሱቄ ውስጥ የምሞክረው እሱን ነው፤ ማሽኑ ላይ 4 ጊጋባይት ራም እንዲጨመርም ጠይቄያለሁ።